ከጋሽ ቅጠሉ የሚቀድመው ሽቶ

በየመሥሪያ ቤቱ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው አንድ አይጠፋም። ወረቀት የጠፋበት ቢሮ አይቻለሁ፤ እሱ የጠፋበት ግን አላየሁም። የእኛው ክቡር ጋሽ ቅጠሉ ይባላሉ።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያስታውሰው የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ነው። ጋሽ ቅጠሉ የመዝገብ ቤታችን ሹም ናቸው። የትኛውም ደብዳቤ እሳቸው ቁጥር ሳይሰጡትና ማህተም ሳይመቱበት የትም አይደርስም። ሽቷቸው እንደ ሌላው ሰው ሽቶ አበባ አበባ አይልም። ቅጠል ነው። አሁን ከዛፍ የተቀነጠሰ፣ በጣት የታሸ፣ ወተቱ ያልደረቀ አረንጓዴ ቅጠል። አንድ ጠብታ ቢሆን ማን ይጠላል? እሳቸው ግን ይታጠቡበታል።

«ጋሼ፣ ትንሽ አልበዛም?» ላላቸው ሰው መልሳቸው አንድ ነው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሽቶ አይደለም፤ ዛፍ ነው» ይላሉ።

በአሳንሰር አብረዋቸው የወጡ አንድ እንግዳ፣ ሣር የረገጡ ይመስል በራችን ላይ ጫማቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ባለቤቴ ሸሚዜን አሽታ፣ «ስብሰባ ነበረኝ አላልክም? የትኛው ጫካ ነው የተሰበሰባችሁት?» ብላኛለች። የሒሳብ ክፍሏ እህታችንማ ገና እሳቸው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ማስነጠስ ትጀምራለች። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንዲሉ፣ ከእሳቸው ጋር ስትነጋገር የሚያያት ሰው ሐዘን የደረሰባት ይመስለዋል።

በመጨረሻ አቤቱታ ጻፍን። ጻፍን ስል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ሰው ፈረመበት። ለሥራ አስኪያጁ የሚሄድ ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚያልፍ ከዘጠኛችን አንዳችንም አላሰብንም። እንደ ወትሮው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር መዝገብ ቤቱ ወዳለበት ምድር ቤት ወረደ። ጋሽ ቅጠሉ አነበቡት፣ ቁጥር ሰጡት፣ ማህተም መቱበት፣ ላኩት። ሽቶ ይከልከልልን የሚለው ደብዳቤ ቅጠል ቅጠል እየሸተተ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም፤ በማግስቱ ሽቶ ተከለከለ። የክልከላውን ደብዳቤ ለየክፍሉ ያደሉትም ጋሽ ቅጠሉ ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ቢሯችን ራሱን ራሱን መሽተት ጀመረ። የረጠበ ምንጣፍ፣ ያረጀ ወረቀት፣ ስሙን የማልጠራው ባልደረባዬ ካልሲ። እኔም ቀድሞ ሽታው ከደረጃው ሲመጣ ከምሳ በኋላ ከሚወስደኝ እንቅልፍ እነቃ ነበር። አሁን ጋሽ ቅጠሉ አጠገቤ ቆመው ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ ድረስ አንኮራፋለሁ።

አንድ ቀን ፋይል ፍለጋ ራሴ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። እዚህ በሠራሁበት ስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ጣሪያ የተደረደረ መዝገብ፣ የሚርገበገብ አምፖል፣ አራት ግድግዳ። መስኮት የለም። የሽቶው ጠርሙስ ክዳኑ ተዘግቶ ከማህተሙ ጎን ተቀምጧል።

«ድሮ ሁለተኛ ፎቅ ነበርን» አሉኝ፣ ዓይኔን ተከትለው። «የግቢው ዛፍ ቅርንጫፉን በመስኮት ያስገባ ነበር። ማታ ስወጣ ቅርንጫፉን ገፋ አድርጌ ነበር መስኮቱን የምዘጋው። ወደዚህ ሲያወርዱን ልጄ ይህንን ገዛችልኝ። እናንተ መስኮት አላችሁ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደብዳቤህ ጥሩ ተጽፏል» ብለው ጨመሩ። «ቀን ግን ረስታችኋል። እኔ ሞላሁላችሁ።»

አንጀቴን በሉት። ያኔውኑ ወጥቼ ክልከላው እንዲነሳ የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ቀኑንም በትልቁ ጻፍኩበት። ያው ዘጠኝ ሰው ፈረመ፤ የሒሳብ ክፍሏ እህታችን ብዕሩን ይዛ ትንሽ ብታስብም ፈረመች። በእጄ ይዤላቸው ወረድኩ። አንብበው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ማህተም መቱበት።

«መልሱን ጠብቅ» አሉኝ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ።

መልሱ በሦስተኛው ቀን በታሸገ ፖስታ መጣልኝ። ፖስታውን ገና ሳልከፍተው፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የሒሳብ ክፍሏ እህታችን አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አልኳት። እንደዚያ ደስ ብሎኝ ማንንም «ይማርሽ» ብዬ አላውቅም።