ሁለቱ ማንኪያዎች ወደ ሰባተኛው ጎጆ የወጡበት ዕለት

በዘመነ ጭንብል በሁለተኛው ዓመት፣ ሥራ አስኪያጁ በመዝናኛ መናፈሻው ላይ በተሾሙ በአምስተኛው፣ ታላቁ የምግብ አዳራሽ ከተዘጋ በስምንተኛው ወር፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ስድስት ተኩል፣ ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ ግን ለሾርባ የማይመች ሆኖ ሳለ፣ የአሳላፊዎች አለቃ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ባለ ሰደርያ፣ ሙሉ ሳህን በመዳፋቸው ላይ እንደ ኩሬ ውሃ የሚረጋላቸው ጋሽ ዝግታ ያደረጉት ገድል ይህ ነው። ዝግታ መባላቸውም ስለ ስንፍና አይደለም፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጠብታ ሾርባ በማንም እንግዳ ጭን ላይ አፍስሰው ስለማያውቁ ነው እንጂ።

ደዌው በመጣ ጊዜ መናፈሻው እንደ ጾመኛ አፍ ተዘግቶ ከረመ፤ በኋላም ፈረሶቹ ይዙሩ፣ ሸርተቴው ይከፈት፣ መንኮራኩሩ ይንቀሳቀስ የሚል ፈቃድ ቢመጣም፣ ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለሚያኝክበት አዳራሽ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ጠረጴዛዎቹ ተገለበጡ፣ ወንበሮቹ ተነባበሩ፣ ሰባቱ አሳላፊዎችም ጥርሳቸውን ነክሰው የአበባ መደብ ሲያጠጡ ወራት አለፉ። እንግዳውም ከቤቱ በቋጠረው ዳቦ በመኪናው ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ እንደ ሌባ እየተገላመጠ ይበላ ነበር።

ወእምዝ፣ ሥራ አስኪያጁ ትልቁን መንኮራኩር ትክ ብለው ሲያዩ ዋሉና አንድ ሐሳብ መጣላቸው። መንኮራኩሩ ሃያ ጎጆዎች አሉት፤ ጎጆው ጣሪያና ወንበር፣ በአራት ማዕዘን የሚከፈት መስኮትም አለው፤ አንድ ቤተሰብ ገብቶ ቢዘጋበት ከሌላው ቤተሰብ ጋር የሚያገናኘው ነገር ሰማዩ ብቻ ነው። በነጋታውም ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው በግቢው ሁሉ እንዲህ አስነገሩ።

«አብሳይም ሁኑ አሳላፊ፣ ሥራችሁን አቁማችሁ ስሙኝ። ከመጪው ሳምንት ቅዳሜ ጀምሮ ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለም። እንግዳ በጎጆው ይቀመጣል፣ ጎጆው ይዞራል፣ እናንተ ቆማችሁ ትጠብቁታላችሁ። አንድ ዙር ሾርባ፣ አንድ ዙር ዶሮ፣ አንድ ዙር ጣፋጭ። ከእንግዳው ሁለት ሜትር ትርቃላችሁ። አንድ ጎጆ ለአንድ አሳላፊ ነው፤ እጅ አይቀያየርም። የጤና ተቆጣጣሪዋ ቅዳሜ ራሷ ትሳፈራለች። ከፈረመች እንቀጥላለን። ካልፈረመች ምግቡ በካርቶን ሆኖ በመስኮት ይሸጣል፤ ሰባታችሁም ሰኞ ጠዋት ሰደርያችሁን ታስረክባላችሁ። ይሄን ስናገር ደስ ብሎኝ እንዳይመስላችሁ።»

ጋሽ ዝግታም ይህን በሰሙ ጊዜ እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ ሰደርያቸው ቁልፎች ሄደ፤ አምስቱንም አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ አምስቱም ነበሩ። በስድሳ አንድ ዓመታቸው ሌላ ምን እንደሚለብሱ ሊታያቸው አልቻለም።

መንኮራኩሩ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። አንድ ዙር ለመጨረስ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሞተሩ ያረጀ ስለሆነም አንድ ጊዜ ከቆመ እንደ አኩራፊ አማት ግማሽ ቀን ካልተለመነ አይነሣም፤ ስለዚህ ጎጆው በመሳፈሪያው ፊት ቀስ ብሎ በሚያልፍባት በዚያች በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሳህኑ በመስኮት መግባት ነበረበት፣ ያውም ከሁለት ሜትር ርቀት። ለዚህም ጋሽ ዝግታ ከዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ያንን እጀታው ሁለት ሜትር የሆነ የእንጨት አካፋ ተዋሱ፤ ዳቦ ወደ ምድጃ የሚገባበትን ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉም በጓሮ በኩል ጫፉ ላይ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጠው፣ በሚንቀሳቀስ የአትክልት ጋሪ ላይ ወደ ተቀመጠ ባልዲ ሲዘረጉና ሲመልሱ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ብርጭቆው ተሰበረ፤ በዘጠነኛው ቀን ውሃው እንኳ አልተነቃነቀም።

የተከተሏቸውም ስድስት ናቸው። ወለል ሳያንሸራትተው የሚንሸራተተው ቅቤ እግር፤ ከእሱም ቀጥሎ በአንድ ክንዱ ስምንት ሳህን የሚደረድረው መደርደሪያ፤ በሳቁ እንግዳ ይማርክ የነበረው፣ ጭንብል ከመጣ ወዲህ ግን በቅንድቡ ለመሳቅ ሲታገል ራስ ምታት የያዘው ፈገግታ፤ የሁሉንም ደንበኛ የልጅ ስም በቃሉ የሚያውቀው መዝገብ፤ ሁለቱ መንትዮችም፣ ማንኛው ማንኛው እንደሆነ ከእናታቸው በቀር የሚለይ የሌለ። እያንዳንዳቸው አካፋ ይዘው በመሳፈሪያው ላይ ሲሰለፉ፣ ፀሐይ በእንጨቱ ጫፍ ላይ ሲያርፍ፣ ያየ ሰው ዳቦ ቤት ዘመቻ የወጣ ነበር የመሰለው።

ቅዳሜም ደረሰ። ከሃያዎቹ ጎጆዎች አንዱ እየተዘለለ በዐሥሩ እንግዳ ገባ፤ ከስድስቱ ተከታዮችም ሦስቱ ሁለት ሁለት ጎጆ ደረሳቸው። በሰባተኛውም ተቆጣጣሪዋ፣ እንደ ግድግዳ ፊቷ የማይነበብ ወይዘሮ፣ መዝገቧን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች፤ ከጎኗም ስምንት ወር ሙሉ ከደጃፉ ያልወጣው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ አባቷ ነበረ። ሰባተኛው ጎጆ የጋሽ ዝግታ ዕጣ ሆነ። ሾርባውም ትኩስ የካሮትና የድንች ሾርባ ነው፤ የቀቀሉትም የጋሽ ዝግታ ባለቤት፣ የሾርባ ቤቱ እመቤት እትዬ ጭልፋ ናቸው። አካፋው ተዘረጋ፣ ሁለቱ ጎድጓዳ ሳህኖች በመስኮቱ ገቡ፣ ጠብ ያለ የለም፤ ሥራ አስኪያጁም ከጭንብላቸው በስተጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

ሁለት ደቂቃም አለፈ። በዚያን ጊዜ ከላይ፣ ከሰማይና ከምድር መካከል፣ የተቆጣጣሪዋ ዐዋጅ ወረደ።

«ሾርባው ደርሶናል። ማንኪያ የለም። እየጻፍኩ ነው።»

በእንተ ማንኪያ። ይህ ጥፋት ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም። ጭንብሉ ታስቧል፣ የእጅ ማጽጃው ታስቧል፣ ርቀቱ በሜትር ተለክቷል፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ማንኪያ ተሸክሞ የሚያውቅ አሳላፊ አልነበረም። ማንኪያ የጠረጴዛ ገንዘብ ነው፤ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት በሳህኑ ቀኝ ተኝቶ ይጠብቃል፤ አሳላፊው ሲደርስ ሁልጊዜ እዚያው ያገኘዋል። ጠረጴዛው ሲቀር ማንኪያውም አብሮ እንደቀረ ሰባቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ አብሳዮቹም ልብ አላሉም። በአንደኛው፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ጎጆ ያሉት እንግዶች ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ፉት አሉ። የሰባተኛው ሽማግሌ ግን ሳህን አንሥቶ ፉት የሚልበት እጅ የለውም፤ ሾርባውን እያየ ተቀምጧል።

ሥራ አስኪያጁ በመሳፈሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ከሾርባ ቤቱም በድምፅ ማጉያ የእትዬ ጭልፋ ዐዋጅ ተሰማ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቆመህ ምን ታያለህ? የማፈላው ውሃ ተጥዷል፣ ማንኪያ አምጣ። ያ ሾርባ ከቀዘቀዘ ዛሬ እራትህ እሱ ነው፣ ነገም እሱ ነው።»

ጋሽ ዝግታም አሰቡ፤ ሲያስቡም እንደ ስማቸው አልነበሩም። ጎጆው ተመልሶ መሳፈሪያው እስኪደርስ ዐሥር ደቂቃ ይቀረዋል፤ እስከዚያ ሾርባው በረዶ፣ መዝገቡም ሙሉ ይሆናል። ነገር ግን መንኮራኩሩ በሚወርድበት በኩል የሸርተቴው ማማ ቆሟል፤ ከዘጠና ስድስት ደረጃ በላይም ሰገነት አለው፤ ጎጆ በዘጠነኛው ደቂቃ በዚያ ሰገነት ፊት፣ አንድ አካፋ ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ያልፋል። የአዳራሹን በር ቁልፍ ከሥራ አስኪያጁ ኪስ ራሳቸው አወጡ፤ የቀሩትንም ማንኪያዎች ለተከታዮቻቸው ያዳርስ ዘንድ ቅቤ እግርን አስከትለው ሮጡ።

በአዳራሹ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጠረጴዛዎቹ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተኝተዋል። መሳቢያውን ሲስቡት ማንኪያዎቹ ከስምንት ወር በፊት ጋሽ ዝግታ ራሳቸው በደረደሯቸው ሁኔታ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ቀኝ አድርገው ተገኙ። ልባቸው ስፍስፍ አለ፤ ነገር ግን የሚቆሙበት ጊዜ አልነበረም። እትዬ ጭልፋ ሁለቱን በሚፈላው ውሃ ውስጥ ነክረው፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው፣ ባላቸውን በዐይናቸው ብቻ ገፍተው ከበር አስወጡ።

የማማው ደረጃ ጠባብ ነው፤ በየደረጃውም ወደ ላይ የሚያመለክት ቀይ ቀስት ተስሏል፤ ሰው ከሰው እንዳይጋፋ ደረጃው ለመውጫ ብቻ ሆኖ ነበርና። ጋሽ ዝግታ ማንኪያዎቹን በሰደርያቸው ውስጥ፣ አካፋውን በትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ። በሠላሳኛው ደረጃ ቀኝ ጉልበታቸው አቤቱታውን አሰማ፤ በአምሳኛው ግራው አገዘው፤ በሰባኛው ላይ ጭንብላቸው ረጥቦ አፍንጫቸው ላይ ተለጠፈ። በዚህን ጊዜ የመንኮራኩሩ ዘዋሪ ከታች በድምፅ ማጉያው ዐወጀ።

«ሰባተኛው ጫፉን አልፏል፣ እየወረደ ነው። ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ አለዎት። ጋሼ፣ የት ነዎት? ኧረ አታዩኝም ወይ፣ እኔ እኮ ማቆም አልችልም።»

ጋሽ ዝግታ ሰገነቱ ላይ ሲደርሱ ጎጆው ከፊታቸው ነበረ። ማንኪያዎቹን በአካፋው ጫፍ አስቀመጡ፤ ወገባቸውን በመደገፊያው ብረት ላይ አስደግፈው ዘረጉ፤ አካፋው አንድ ስንዝር አጠረ። እሳቸውም አንድ እግራቸውን ከወለሉ አነሡ፣ ዘረጉ፣ እንጨቱም አልተንቀጠቀጠም፣ ዘጠኝ ቀን በብርጭቆ ውሃ ተምሯልና። ተቆጣጣሪዋ ለመቀበል ሁለት እጅ ያስፈልጋት ነበርና ብዕሯን አስቀመጠች። አንዱን ማንኪያ ለአባቷ ሰጠች፤ እጁንም በእጇ ደግፋ የመጀመሪያው ጉርሻ ሲገባ፣ ያ እንደ ግድግዳ የነበረ ፊቷ ምን እንደሆነ ጎጆው ዞሮ ወሰደውና ማንም በውል አላየም።

ገና ግን አላለቀም። ጎጆው በሦስት ደቂቃ ውስጥ መሳፈሪያው ይደርሳል፤ የሰባተኛውን ዶሮ ማቅረብ የሚችለው የጋሽ ዝግታ እጅ ብቻ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ለመውጫ ብቻ ነው፤ ሕግ የምታስከብረውም ሴት ፊት ለፊታቸው እየወረደች ነው። ወደ ኋላቸው ዞር ሲሉ የቀረላቸው መንገድ አንድ ነበር፤ ሰባት ጊዜ የሚጠማዘዝ ቢጫ ሸርተቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ግቢ ሲመላለሱ የሌላውን ሰው ሳቅ ከሩቅ ሲሰሙ ኖሩ እንጂ በአንዱም ጨዋታ ላይ ተቀምጠው አያውቁም። አካፋውን በደረታቸው ላይ እንደ ጦር አጋድመው፣ ሰደርያቸውን ቆልፈው፣ ተቀመጡ። ሄዱም።

በመንገድ ላይ ስለወጣቸው ድምፅ ምስክሮች አይስማሙም። መዝገብ ጸሎት ነበር ይላል፤ መንትዮቹ የእናት ስም ነው ይላሉ፤ ፈገግታ ግን፣ በዚህ ነገር ዕውቀት አለውና፣ ሳቅ ነበር ብሎ ይምላል። ከሰባተኛው ጥምዝ ወጥተው በአሸዋው ላይ ሲያርፉ ሰደርያቸው ጆሯቸው ድረስ ተሰብስቦ ነበር፤ አንድ ቁልፍም ጎድሎ ነበር። መደርደሪያ ዶሮውን በአካፋው ላይ አኖረላቸው፤ ሰባተኛው ጎጆ ደረሰ፤ ሳህኑ ገባ፣ መረቁም አልተነቃነቀም። ሽማግሌውም ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ስምንት ወር ባልተሠራበት ድምፁ ዐወጀ።

«የእናንተ ሾርባ እጅ ያስቆረጥማል። ጨው ግን የት ሄደ?»

ጨውም የጠረጴዛ ገንዘብ ነበር። ከሾርባ ቤቱ የጭልፋ መውደቅ ድምፅ ተሰማ። ስድስቱ ተከታዮች ወደ አዳራሹ ሊሮጡ ሲሉ ጋሽ ዝግታ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው፤ አንድ ጎጆ ለአንድ አሳላፊ እንደሆነ በጣታቸው አመለከቱ፤ ጨውንም ራሳቸው ይዘው ዘጠና ስድስቱን ደረጃ ወጡ። ጣፋጩ እስኪቀርብ ቢጠበቅ ጨው በመሳፈሪያው ላይ ሊሰጥ ይችል እንደነበር ቅቤ እግር እስከ ዛሬ ይናገራል፤ ማንም ግን አይሰማውም። ሁለተኛው መውጣት ከፊተኛው ፈጥኗል፤ ስለ ሁለተኛው መውረድ ድምፅም ክርክር የለም፤ መናፈሻው በሙሉ ሰምቷል።

ሦስተኛው ዙር ሲያበቃ ተቆጣጣሪዋ ወርዳ ለርቀት በመሬቱ ላይ በተሰመረው ምልክት ላይ ቆመች፤ መዝገቡንም ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ፈርሜያለሁ። ከሚቀጥለው ጀምሮ ማንኪያና ጨው ከሾርባው ቀድመው ይውጡ። አባቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንመጣለን እያለኝ ነው፤ ሰባተኛውን ያዙልን።»

ሥራ አስኪያጁ የሚያቅፉት ሰው አጥተው፣ ርቀት መጠበቅ ግድ ነበርና፣ የመብራት ምሰሶ አቀፉ። ሰባቱ ሰደርያዎችም በየባለቤቶቻቸው ደረት ላይ ቀሩ።

አመሻሹ ላይ፣ እንግዳው ከወጣ በኋላ፣ ጋሽ ዝግታ አካፋም፣ ማንኪያም፣ ጨውም ሳይዙ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በዚያ በማማው ደረጃ ሲወጡ ታዩ። ከኋላቸውም ሽርጣቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ሴት ተከተሏቸው፤ የዕለቱም የመጨረሻ ዐዋጅ ከደረጃው መካከል ተሰማ።

«ቀስ በል እንጂ፣ ዝግታ አይደል ስምህ? ጠብቀኝ፣ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ወናሁ፣ ይህን የምትሰሙ ሁሉ፣ ማንኪያ በሳህናችሁ ቀኝ ተኝታ ባገኛችኋት ጊዜ ያመጣትን አስቡ። ምስጋና ይድረስ በዘመነ ጭንብል ሾርባን ከሰማይ ጋር ላስታረቁት፣ ሁለት ሜትርን እንደ አንድ ክንድ ላጠበቡት፣ ዘጠና ስድስቱን ደረጃ ሦስት ጊዜ ለወጡት፣ ሦስት ጊዜም በደስታ ለወረዱት ለጋሽ ዝግታ፤ ቁልፋቸው አንድ ቢጎድልም ክብራቸው ሙሉ ነው፤ ስማቸውም መንኮራኩሩ እስከዞረ ድረስ ከጎጆ ወደ ጎጆ ሲዞር ይኑር።