በብልቃጥ የሰነበተው ሽንኩርት

የሽንኩርት ነገር ይገርመኛል። ሲከትፏት ታስለቅሳለች፣ ሲያቁላሏት ጎረቤት ትጠራለች፤ አርፎ መቀመጥ የሚባል አልፈጠረባትም። ዝም ማሰኛ ብልሃቱ አንድ ነው፤ በቀለበት በቀለበቱ ከትፎ፣ ከጨውና ከቃሪያ ጋር ብልቃጥ ውስጥ አስገብቶ፣ ሆምጣጤ አፍስሶ መርሳት። እስቲ ሞክሩት። በሦስተኛው ቀን ሆምጣጤው የጽጌረዳ መልክ ይይዛል። ከተማችን መካነ ሰላም ጉሙ ገለጥ ሲልላት የጠዋት ፀሐይ በመስኮታችን ገብታ ያንን ብልቃጥ ታበራዋለች፤ እኔም አስተማሪነቴን፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ረስቼ ፈዝዤ አየዋለሁ። ባለቤቴ የውብዳር ናት በር ድረስ ገፍታ የምትሸኘኝ።

ብልቃጡ ግን ለእኔ መፍዘዣ አልተዘጋጀም፤ ለአባቷ ነው። አማቴ ዕድሜያቸውን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ እህል ጠሉ፤ እኛ ዘንድ ያመጣናቸውም ለዚሁ ነው። ሁለት ጉርሻ፣ “ተመስገን”፣ እጅ መታጠብ። ጾሙ ሲገባ ጭራሽ ባሰባቸው፤ ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። የውብዳር ማጀት ገብታ ስታለቅስ ስደርስባት “ሽንኩርቱ ነው” ትለኛለች። እኔም አምኜ እወጣለሁ። ባል እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ ከሽሮው ጎን ሽንኩርቱን አቀረበችላቸው።

“አባዬ፣ አብሽሩ፤ ይችን ቅመሱ። ምላስ ትከፍታለች።”

መሪጌታ አንዲት ቀለበት አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። “ማለፊያ ቀለም ነው። በምን ዘፈዘፋችሁት?”

የውብዳር በዓይኗ ከለከለችኝ። እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ ጥያቄ ተጠይቆ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

“በሆምጣጤ” አልኩ።

ሽንኩርቷን ቀስ ብለው መለሷት። “ጌታዬ በመስቀል ላይ ተጠምቶ ያቀረቡለትን እኔ ወጥ ላጣፍጥበት? አይሆንም ልጄ። ከስቅለት በቀር አልቀምሰውም።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ። የሽሮው ሳህንም እንደቀረበ ተመለሰ። የውብዳር ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ እውነቷን ነው፣ አባቷን ከእጇ የነጠቅኋት መሰለኝና እኔም አፈርኩ።

ስቅለት ደረሰ። የነፍስ አባታቸው ድካማቸውን አይተው አክፍሎቱን ከልክለዋቸዋል፤ እስከ ትንሣኤ ያለ እህል እንዳይሰነብቱ ማለት ነው። ከስግደት ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፣ ጉሙም ከገደሉ እየተነሣ ነው። ጉልባኑ ቀረበ። አላዩትም።

“ያንን ሆምጣጤ አምጭው” አሏት።

አማተቡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዲት ቀለበት ጎረሱ። ፊታቸው ጭምድድ አለ። እንደ ጨፈኑ ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ወደ ብልቃጡ ተመለሰ። ሁለተኛዋን ደገሙ። ሦስተኛዋን ጉልባን አስከተሉባት፣ አራተኛዋንም እንዲሁ። ሳህኑ ተጋመሰ። የውብዳር ሳህኑን ቀስ ብላ ታስጠጋላቸዋለች።

እኔና ምላሴ መቼ እንማራለን። “መሪጌታ፣ ለመታሰቢያው አንዷ አትበቃም?” አልኩ።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ “የኔ ኃጢአት በአንዷ አያልቅም፣ ልጄ” አሉና ብልቃጡን ወደ ራሳቸው ሳቡት።