ሁለት እባብ በአንድ ጋን

ምክር ጠይቆ ምክር የሚጠላ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በንጉሡ ዘመን ወገዳ አጠገብ አንዱን አውቅ ነበር፤ ግራዝማች ተድላ ይባላሉ። እባብ የቤት ገድ ነው ብለው አንዱን በጋን ውስጥ ወተት እያጠጡ ያሳደጉ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን ሁለተኛ እባብ ከቆላ መጣላቸው። እኔንና ሚስታቸውን ወይዘሮ የሺን አስቀምጠው፣ «አንድ ጋን ውስጥ ላኑራቸው ወይስ ለየብቻ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ለየብቻ ያድርጓቸው፤ ይበላላሉ» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«እውነታቸውን ነው» አልኩ እኔም።

ለካ ግራዝማች የጠየቁን ወስነው ኖሯል። «አብሮ የኖረ ይዋደዳል» ብለው ሁለቱንም አንድ ጋን ውስጥ ጨመሩና በሰፌድ ከደኑት።

በሦስተኛው ቀን ጋኑ ሲከፈት ትልቁ ትንሹን እስከ ግማሹ ውጦ፣ እሱም ታንቆ ሞቷል። ግራዝማች ልጅ እንደሞተበት ሰው አለቀሱ። ጎረቤቱም ለቅሶ ደረሰ፤ ሹም ናቸውና ምን ይደረግ?

እንባቸውን ጠርገው ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ይበላላሉ ብለሽ ያሟረትሽ አንቺ ነሽ። ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ።»

እንዲህ ያለ ሰው ምክር የሚጠይቀው ሊሰማ ይመስላችኋል? ነገሩ ሲበላሽ የሚወቅሰው እንዳያጣ ነው እንጂ።

ወይዘሮ የሺ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኔን አዩኝ። እኔ ወደ ጠላዬ አቀረቀርኩ። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ያፈሩትን በአንድ ነጠላ ቋጥረው ወደ አባታቸው አገር፣ የእስቴን መንገድ ያዙ።

ግራዝማችም ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አንተስ አስተዋይ ነህ» አሉኝ።