እትዬ አስካለ በቦርሳዋ የያዘችልኝ «የአስም» መሣሪያ

የዛሬውን ስነግራችሁ «ይቺ ሴትዮ ማጋነን ትወዳለች» እንደምትሉ አውቃለሁ። ችግር የለም። መቶ ምናምን ምስክር አለኝ። አንዱ ፓስተራችን ናቸው!

መጀመሪያ ስለ ወገቤ ልንገራችሁ።

ኒው አልባኒ ያለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ካርቶን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ቀና ማለት ግን አልቻልኩም። ዲስክ ነው አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዳሌዬ ተነስቶ እስከ እግሬ ጣት የሚወርድ እሳት አለ። ፊዚካል ቴራፒ ሄድኩ። ኪኒን ዋጥኩ። አንዱ ኪኒን ጨጓራዬን ላጠው፤ ሌላው ሺፍት ላይ ቆሜ አስተኛኝ።

በመጨረሻ ሐኪሜ «ሜዲካል ካናቢስ እንሞክር» አለችኝ።

እኔን! ኳየር ውስጥ ከፊት ቆሜ የምዘምረውን ሴትዮ!

ሦስት ሳምንት አሰብኩበት። ከዚያ የሕክምና ፈቃዱን ካርድ አወጣሁ። ማጨስ የለም አለችኝ። ደረቁን ቅጠል ፈጭተሽ ቫፖራይዘር የሚባል የእጅ መሣሪያ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ፤ እሱ ሳያቃጥል ያሞቀዋል፤ አንቺ እንፋሎቱን ትስቢያለሽ። ከሥራ መልስ፣ ትንሽ፣ ከዚያ በኋላ መኪና ሳትነጂ። በቃ።

ሠራልኝ! ተአምር አልሆነም፤ እሳቱም አልጠፋም። ግን በሳምንቱ ካልሲዬን ራሴ አደረግኩ። ሳቁ! ካልሲ ማድረግ ቀላል የሚመስለው ለሚችል ሰው ነው።

ችግሩ እትዬ አስካለ ናት።

እትዬ አስካለ የእናቴ ታናሽ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው። በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አታውቅም። ከስምንት ወር በፊት ክፍሌ ዘው ስትል መሣሪያው አፌ ላይ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የአስም ነው።»

ከየት እንደመጣ አላውቅም! አፌ ራሱ ነው የተናገረው።

«ሽታውስ?»

«ከዕፅዋት የተቀመመ ስለሆነ ነው።» ይሄኛው እንኳን ውሸት አይደለም። አይደለም አይደል?

አሁን ወደ ዛሬ።

አምልኮ አልቆ አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነው። ጋሼ ወርቁን የማያውቅ የለም፤ እሑድ እሑድ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሰው በስሙ እየጠሩ የሚቀበሉት ሽማግሌ ናቸው። በድንገት ማሳል ጀመሩ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ከዚያ ደረታቸው ማፏጨት ጀመረ። እጃቸው ወደ ኮታቸው ኪስ ገባ። ባዶ! የሚስቡት የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለራቸው፣ መኪና ውስጥ ቀርቷል። ልጃቸው ወደ ፓርኪንጉ ሮጠ። አንዷ አምቡላንስ ለመጥራት ናይን ዋን ዋን ኮል እያደረገች ነው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። የቀልድ አልነበረም።

በዚህ መሃል የእትዬ አስካለን ድምፅ ሰማሁ።

«አይዟችሁ! መሣሪያው አለ! የእኔ ልጅ አስም አለባት!»

እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ከውስጡ በንጹህ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችው።

የእኔ ቫፖራይዘር ነው!

ለካ ጠዋት ቻርጀሩ ላይ አይታው «ድንገት አስሟ ቢነሳባት» ብላ ይዛልኝ መጥታለች። ከትናንት የተረፈው ቅጠል ውስጡ አለ። ቁልፉንም ተጭናዋለች! እኔን እያየች ተምራለች። መሣሪያው በእጇ ውስጥ እየሞቀ ወደ ጋሼ ወርቁ አፍ ይሄዳል።

እኔና እነሱ መሃል ሦስት ረድፍ ወንበር አለ። ሮጥኩ። ከተጎዳሁ ወዲህ ሮጬ አላውቅም ነበር። አንዱን ወንበር ገለበጥኩ፤ የሰው ሻይ ደፋሁ። የእትዬን እጅ የያዝኩት ከጋሼ ከንፈር አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው።

«እትዬ፣ አይሆንም!»

«ልቀቂኝ! ሰውየው እየሞቱ ነው!»

«የአስም አይደለም!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

እዚህ ጋ ሌላ ውሸት መጣልኝ። እውነቴን ነው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። «ባትሪው አልቋል» ልል ነበር። ግን የጋሼን ዓይን አየሁት። እትዬ ደግሞ ባትሪው እንዳላለቀ ታያለች፤ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል! አንድ ውሸት ከጨመርኩ መሣሪያውን አፋቸው ውስጥ ትከተዋለች።

«አስም የለብኝም! ካናቢስ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ቢስ?» አለች እትዬ።

ከኳየራችን ትንሿ፣ እዚህ ያደገችው፣ ልትረዳኝ ፈለገች መሰለኝ። «ኦ ማይ ጋድ፣ ዊድ ነው የምትለው!» አለች በሚያምር ሶፕራኖ ድምጿ።

ከኋላ አንድ ሰው አማርኛውን አሟላልኝ። «ሐሺሽ!»

አመሰግናለሁ። አሁን ያልገባው ሰው የለም።

ልጃቸው ኢንሄለሩን ይዞ ደረሰ። ጋሼ አንድ ሳቡ። ሁለት ሳቡ። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ወረደ። አምቡላንስ መጥቶ አይቷቸው ደህና ናቸው እስኪል ድረስ ማንም ወደ እኔ አልቀረበም። ቫፖራይዘሬን በመሐረቡ ጠቅልዬ ይዤ እንደ ተያዘ ሌባ ቆሜያለሁ። እግሬ እየነደደ ነው።

የመኪናዬ ቁልፍ እጄ ላይ ነው። በሩ አሥር እርምጃ ነው። ብወጣ ማን ይይዘኛል?

አልወጣሁም። አሁን ከወጣሁ ተመልሼ እንደማልገባ አውቃለሁ።

«ወገቤን ታምሜ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሐኪም ያዘዘልኝ ነው። ካርድ አለኝ። አስም ያልኩት አፍሬ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ ምንም አታውቅም።»

ከዚያ ጋሼ ወርቁ፣ ገና ትንፋሻቸው ያልሞላው ሰውዬ፣ ከአጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

«ነይ ተቀመጪ እንግዲህ። ወገብ የሚያመው ሰው ቆሞ አይናዘዝም።»

ተቀመጥኩ። አለቀስኩም። በሹራቤ እጅጌ ነው አፍንጫዬን የጠረግኩት፤ መሐረቡ ሥራ ላይ ነበር።

ፓስተር ቀረብ ብለው ቀስ ብለው አናገሩኝ። «እህት ሰናይት፣ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። እስከዚያ ከመዝሙር አረፍ በዪ።»

«እመጣለሁ ፓስተር። የሐኪሜን ወረቀት ይዤ።»

«መምጣት እንኳን ግዴታ...»

«እመጣለሁ።»

ወደ ቤት ስንነዳ እትዬ ሞርስ ሮድ በሚባለው መንገድ አራተኛው ቀይ መብራት ላይ ፈነዳች።

«ሐሺሹን ከሐኪምሽ ጋር ነው የምነጋገረው! እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ረቡዕ ረቡዕ ምሳ እየተውኩ የጸለይኩት ለሳንባሽ ነው! ለሳንባሽ! ወገብሽ ሲነድ እኔ የት ነበርኩ?»

አረንጓዴ በርቶ ከኋላ ጥሩምባ እስኪነፉብን ድረስ ሁለታችንም እናለቅስ ነበር።

ሳንባዬ ግን፣ ይመስገነው፣ የአትሌት ነው!

ቤት ስንገባ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ካርዱን፣ ስሜ የተለጠፈበትን የቅጠሉን ቆርቆሮ፣ መፍጫውን። እትዬ መነጽሯን አደረገች። ቅጠሉን አሸተተች።

«አይነድም?»

«ይሞቃል እንጂ አይነድም።»

«አሳዪኝ።»

አሳየኋት። አጠገቤ ቁጭ ብላ ሰዓቷን እያየች ጠበቀችኝ። በየደቂቃው «ሰከርሽ?» ትለኛለች። «አልሰከርኩም እትዬ።» «እስቲ የአክስቶችሽን ስም ቁጠሪ።» ሰባቱንም ቆጠርኩላት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል ሳላቃስት አየችኝ። ስልኳን አንስታ ለጸሎት ጓደኛዋ ደወለች። «ሳንባ ያልነውን ተይው» አለች። «ወገብ ነው። አዎ፣ ወገብ። ስሚ፣ ሐሙስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀጠሮ አለን።»

አለን! ሰማችሁ?

እንግዲህ ሐሙስ ይለፍ፣ ቅዳሜ ደግሞ የኳየር ልምምድ አለ። ዘምሪ ካሉኝ ቦታዬ ላይ ቆሜ እዘምራለሁ፤ አትዘምሪ ካሉኝ የፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከሁሉም አስበልጬ እዘምራለሁ። መድኃኒቴን ግን ከዚህ በኋላ በሽታ አልቀይርለትም።

ከመፍረዳችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ልጠይቃችሁ፤ ኮሜንት ላይ መልሱልኝ። እናንተስ ቤት ያለችው እትዬ፣ የትኛው ለሌለባችሁ በሽታ ነው ምሳዋን እየተወች ያለችው?