ጥቁር በጥቁር ክር

ሰዎች ፊልም ለማየት በተሰበሰቡበት ቤት ሁሉ አንድ «ፊልም እኮ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ቤቱ ጠባብ ይሁን ሰፊ፣ ቴሌቪዥኑ አዲስ ይሁን አሮጌ፣ እሱ አለ። የሞተው ሰው እንዳልሞተ ይነግራችኋል። የተቃጠለው ቤት ከካርቶን እንደተሠራ ያስረዳችኋል። ተዋናይዋ የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ለጥፋ ስትንሰቀሰቅ፣ እናንተም አብራችሁ ልትንሰቀሰቁ ስትሉ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ይሄ እኮ ጠብታ ነው፤ ዓይኗ ውስጥ ጠብ አድርገውላት ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም የሚል አንባቢ ካለ፣ ምናልባት ሰውየው እሱ ራሱ ይሆናል።

በዚህ ዘርፍ የእኛ ሰፈር ተወካይ ክቡር ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሰፈሩ ግን በሌሉበት «ጋሽ ፊልም-ነው» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እንዳላወቁ ይሆናሉ።

ሱቃቸው ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ከደረጃው መግቢያ አጠገብ ነው። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናቸው አለ፣ አንገታቸው ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ኮሌታቸው ላይ ስፒል ተደርድሯል። ዋና ሥራቸው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። የእሳቸው ዩኒፎርም ደግሞ ከሩቅ ይለያል። የሱሪውን እግርና የኮቱን እጅጌ ወደ ውስጥ በሰፊው አጥፈው ነው የሚሰፉት። ልጁ ሲረዝም እናትየው ይዛው ትመጣለች፣ እሳቸው እጥፋቱን ይለቁታል፣ ሱሪውም ከልጁ ጋር ይረዝማል። ስለዚህ በሰፈራችን ያደገ ልጅ ሁሉ ሱሪው ላይ የድሮው እጥፋት መስመር ይታይበታል። እናቶች ለዚህ ይመርቋቸዋል፤ ልጆች በዚህ ይሳሳቃሉ።

እሑድ ከምሳ በኋላ እሳቸው ቤት ፊልም ይታያል። ትልቁን ቴሌቪዥን የገዛችላቸው አንዲት ልጃቸው ናት፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ። ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው፤ ሶፋው መሃል መሀረብ ይዘው ይሰየማሉ። ልጅቷ ከጎናቸው ትቀመጣለች። እኔ ብቻዬን የምኖር ጎረቤት ስለሆንኩ ሻዩም ፊልሙም በነፃ ይደርሰኛል። ጋሼ ግን ሶፋው ላይ ቦታ ሞልቶ ሳለ፣ በሩ አጠገብ ያለችውን የእንጨት ወንበር አይለቁም። ለምን እዚያ እንደሚቀመጡ ስጠይቃቸው «ነፋስ ይገባል፤ ደስ ይለኛል» አሉኝ። ያኔ አመንኳቸው።

የጦርነት ፊልም ሲሆን ጋሼ ንቅንቅ አይሉም። ከተማ ሲፈርስ፣ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ እሳቸው ጥፍራቸውን ይመለከታሉ። የፍቅር ፊልም ሲሆን ያንቀላፋሉ፤ ሙሽሮቹ ሊጋቡ ሲሉ ብንን ይሉና «ቀሚሱ ጀርባው ላይ ተጨማዷል» ብለው ተመልሰው ይተኛሉ። ነገር የሚበላሸው ፊልሙ ውስጥ ወላጅና ልጅ ሲገቡ ነው። ታሪኩ ገና ወጉን ሳይዝ፣ ያቺ የእንጨት ወንበር ሲጢጥ ማለት ትጀምራለች።

የመጀመሪያው መከላከያቸው ሙያ ነው። «ልጁ ይህን ያህል አደገ፤ የአባትየው ኮት ግን ያው ነው። ክርኑ እንኳ አልሳሳም። በምን ተአምር ነው ያሳደገው?» ይላሉ። ታሪኩ ሲከብድ ሁለተኛው መከላከያ ይመጣል፦ «ማንቆርቆሪያው ፈላ መሰለኝ» ብለው ወደ ማድ ቤት ይሄዳሉ። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ላይኖር ይችላል፤ እሱ የሌላ ሰው ችግር ነው። ሲመለሱ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ ነው። አንድ ሰው ቀና ብሎ ካያቸው ሦስተኛው መከላከያ ዝግጁ ነው።

«ዓይኔ ደክሞ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስሰፋ ውዬ።»

ይህ ጥሩ ምክንያት ነው። ልብስ የሰፋ ሰው ያውቀዋል፣ ጥቁር በጥቁር ዓይን ይጨርሳል። እትዬ ግን ምሕረት የላቸውም። ዓይናቸውን ከፊልሙ ሳይነቅሉ፣ የራሳቸውን እንባ እየጠረጉ «ትናንት ስትሰፋ የዋልከው ነጭ ሸሚዝ ነው» ይሏቸዋል።

አንድ እሑድ ስለ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የሚያወራ ፊልም አየን። ሹፌሩ ከሴት ልጁ ጋር ተኳርፏል። እሷ በየቀኑ በእሱ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ በኋላ በር ገብታ በኋላ በር ትወርዳለች፣ ሰላም አይባባሉም። አንድ ቀን ግን አረፈደች። አባትየው በሩን ከፍቶ ቆመ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ፣ እሱ መሪውን ይዞ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል። ልጅቷ እየሮጠች ደረሰች፣ ገባች፣ እሱም ምንም ሳይል በሩን ዘግቶ መንዳት ጀመረ። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለም። እትዬ መሀረባቸው አልበቃ ብሏቸው የሻርፓቸውን ጫፍ ያዙ። እኔም አላፍርም፣ አለቀስኩ። ጋሼ ብቻ «በእውነቱ ዓለም ተሳፋሪው እንደዚህ ዝም አይልም፤ ይሰድበው ነበር። ፊልም እኮ ነው» አሉና ሱቁን መዝጋታቸውን ለማረጋገጥ ወረዱ። እሑድ ነው፤ ሱቁ ከትናንት ማታ ጀምሮ ዝግ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ነው የተመለሱት።

እኔ እንግዲህ የጋዜጣ አምድ ጸሐፊ ነኝ፤ ያየሁትን ሁሉ ለምን ማለት እንጀራዬ ነው። ስለ ወላጅና ልጅ የሚሠሩ ፊልሞች ሰውን ለምን እንደሚያስለቅሱ ልጽፍ አሰብኩና፣ ባለሙያ ማማከር ይገባል ብዬ ጋሼን ጠየቅኋቸው።

«ሙዚቃው ነው» አሉ ሳያመነቱ። «ያን ክራር መሳይ፣ በአገጭ የሚያዘውን ነገር ሲያንጫርሩት ማን የማያለቅስ አለ? ሙዚቃውን አውጣው፣ ከዚያ ፊልሙ ባዶ ነው። ካላመንክ አሳይሃለሁ።»

አሳዩን። በሚቀጥለው እሑድ አንዲት እናት ልጇን ከሩቅ ትምህርት ቤት ልትቀበል ጣቢያ ላይ የምትጠብቅበት ቦታ ሲደርስ፣ ጋሼ ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ድብን አድርገው አጠፉት። «አሁን አልቅሱ እስቲ» አሉ። ሴትዮዋ ከባቡሩ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች ትዞራለች። ልጇ አድጎ አጠገቧ ቆሟል፤ አላወቀችውም። ድምፅ የለም፣ ክራር መሳዩም የለም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከበሩ በኩል አንድ አፍንጫ ሽርር ሲል በግልጽ ተሰማ። እኛ ሦስታችን ዞር ብለን አየን። ጋሼ ሪሞቱን እንደ ያዙ ግድግዳውን እያዩ ነው። «ጉንፋን ይዞኛል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሙዚቃ አንስተው አያውቁም።

እኔና እትዬ በዚህ ስንስቅ ልጅቷ እንደማትስቅ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ያን ቀን ሸኝታኝ ደረጃው ላይ ቆምን። ሩቅ ከተማ፣ ብርድ አገር ያለ ሆስፒታል ሥራ አግኝታ በቅርቡ እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

«ታየዋለህ አባዬን?» አለችኝ። «የማያውቃት ሴትዮ ለማያውቀው ልጇ ስታዝን ዓይኑ ይቀላል። እኔ እሄዳለሁ ብዬ ስነግረው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ሻንጣሽ ዚፑ ይዘጋል ወይ?› አለኝ። ስመረቅም ያው ነው። ሰው ሁሉ ልጁን ሲያቅፍ፣ እሱ ‹ጋውኑ ከኋላ አንድ ወገን ወርዷል› ብሎ ሲጎትት ነበር።»

«አባትሽ እንዲህ ናቸው፤ ታውቂያቸዋለሽ» አልኳት።

«አውቀዋለሁ። ግን ሰው አንድ ቃል ይፈልጋል። እንዲህ ሆኜ ከሄድኩ፣ ለመመለስ የሚጎትተኝ ነገር እንዳይጠፋ ነው የምፈራው።»

ተሰናብቻት ወደ ቤቴ ገባሁ። ያን ምሽት አንድ ነገር ገባኝ መሰለኝ። ፊልም ውስጥ ያለው አባት ቢያረፍድም በመጨረሻ የሆነ ነገር ያደርጋል፤ ካሜራውም ቀርቦ ያሳየናል። የእኛ አባቶች ኮሌታችንን ያስተካክላሉ፣ ካሜራ ግን የለም። እናም ሶፋ ላይ ተቀምጠን የምናለቅሰው ለሹፌሩ ሳይሆን፣ ሳናየው ለቀረው ለራሳችን አውቶቡስ ይመስለኛል።

ከመሄዷ በፊት በነበረው የመጨረሻ እሑድ ፊልም አልተከፈተም። እትዬ ሻንጣ ያደራጃሉ፣ እኔ ልሰናበት መጥቻለሁ። ጋሼ በክንዳቸው ላይ አንድ ካፖርት አጋድመው ገቡ። አመድማ ሱፍ ነው፣ ገበሩ ውኃ ሰማያዊ፣ ቁልፎቹ ጠንካራ፣ በካውያ እስኪያበራ የተተኮሰ። ልጅቷን ለክተዋት አያውቁም፤ በዓይናቸው ብቻ ነው የሰፉላት።

«ብርድ ነው አሉ» አሏት። «እስቲ ልበሺው።»

ለበሰችው። ትከሻው ትክክል፣ ወገቡ ትክክል፣ እጅጌው ከእጇ አንጓ ላይ ቁጭ አለ። የሰው ዓይን እንደዚህ ሊለካ ይችላል ብዬ አላስብም ነበር። ጋሼ ዞሯት። ከኋላ ጎተት፣ ከፊት መታ መታ አደረጉ። እኔ በሆዴ እባክዎ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር ይበሉ እላለሁ። ልጅቷም ትጠብቃለች፤ ከፊቷ ይነበባል።

«ጫፉ አልተንጋደደም» አሉ ጋሼ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እትዬ ቁልፉን ሊቆልፉላት ጠጋ ብለው የካፖርቱን ጫፍ ሲያነሱ ግን እጃቸው ቆመ። ገልበጥ አደረጉት። ቀጥለው እጅጌውን ወደ ውጪ ቀለበሱት።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይሄን ሁሉ ጨርቅ ወደ ውስጥ ያጠፍከው ለምንድን ነው?»

አየን። እጅጌው ውስጥ አንድ መዳፍ የሚያህል ሱፍ ታጥፎ ተሰፍቷል። የታችኛው ጫፍም እንዲሁ። ልክ እንደ ተማሪ ዩኒፎርም፣ በኋላ እንዲለቀቅ።

«ልጅቷ እኮ ሠላሳ ሊሞላት ነው» አሉ እትዬ። «ከእንግዲህ ወዴት ልታድግ ነው?»

ጋሼ እጥፋቱን አዩት። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ያኔ ነው ያዩት። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ እንደዚህ የሳቱበት ቀን የለም። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ እፍረት መጣ፣ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ከበሩ አጠገብ አልነበሩም፤ ቤቱ መሃል ነው የቆሙት። ማንቆርቆሪያ የለም፣ ፊልም የለም፣ የሚተች ኮትም የለም፣ የራሳቸው ካልሆነ በቀር።

«እጄ ለምዶ ነው» አሉ። «ለልጅ... ለልጅ ስሰፋ እጄ እንዲህ ነው የሚያውቀው። አምጪው፣ ላስተካክለው።»

እንባቸው ሜትራቸው ላይ ወረደ። ቀና ሲሉ ሦስታችንም እያየናቸው ነው።

«ዓይኔ ደክሞ ነው» አሉ። «ጥቁር በጥቁር ክር ስሰፋ...»

ካፖርቱ አመድማ ነው። እትዬ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ልጅቷ የአባቷን እጅ ከእጅጌዋ ላይ አልለቅ ብላ ያዘችው።

«አዎ አባዬ» አለች። «ጥቁር በጥቁር ዓይን ይጨርሳል። ካፖርቱን ግን አትንካው፤ እንዳለ ይሁን።»

ሄደች። ሳሎኑ ለጥቂት ጊዜ ጭር አለ፣ እኔም እሑድን ፈራሁት። ቅዝቃዜው በበረታበት ሰሞን አንድ እሑድ ስገባ ግን ጋሼ ሶፋው መሃል፣ እትዬ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ ደረታቸው ተነፍቷል።

«ደውላ ነበር» አሉኝ። «እጅጌው አጠረኝ አለች። ከበዓሉ በፊት ይዤው እመጣለሁ፣ ትለቅልኛለህ አለችኝ። የስፌት መኪናውን ዘይት ቀብቼዋለሁ።»

ያ ካፖርት እጇ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ በዓይኔ አይቻለሁ። ሠላሳ ዓመት የተጠጋው ክንድ እንደማይረዝም ከዚህ ሰው በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም። ልላቸው ከጀልኩ፤ ዓመታት ሙሉ ያበላሹብኝን ፊልም ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልበቀላቸው እችል ነበር። እትዬን አየኋቸው። ተው በሚል ዓይን አዩኝ።

«በዚህ ዕድሜ ያጥራል እንዴ ጋሼ?» አልኩ፣ ቀስ ብዬ ብቻ።

«አንተ ምን ታውቃለህ?» አሉ ሪሞቱን እያነሱ። «ልጅ እኮ ናት፤ ታድጋለች።»

ፊልሙ ገና አልተጀመረም ነበር። እኔ ግን ማንቆርቆሪያው ፈላ መሰለኝ ብዬ ተነሳሁ።