ታላቅ አይቆጠርም

በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት ነገር ብቻ ተምሮ ዓለምን በሙሉ ለማስተማር የተሾመ ሰው አይጠፋም። ለዚህ ልብስ ስፌት ቤት የደረሰው ልብስ ተኳሹ ነው። ሠራተኛው ሁሉ "ሊቀ ሊቃውንት" ይለዋል። ሊቅነቱን ያገኘው ቻይንኛ መማር ጀምሮ፣ አንደኛ ሁለተኛ ማለት ላይ ሲደርስ "ይበቃኛል" ብሎ በማቋረጡ ነው።

"እኛ 'ኛ'ን ከኋላ እንቀጥላለን፤ እነሱ 'ዲ'ን ከፊት ያስቀድማሉ፤ አለቀ!" ይላል ካውያውን እያወዛወዘ። "ዪ አንድ፣ ዲ ዪ አንደኛ! አር ሁለት፣ ዲ አር ሁለተኛ!"

ለመጸዳጃ ቤት የቸኮለን ሰው በር ላይ ይዞ "ስንተኛ ነህ? በቻይንኛ!" ይለዋል። አንዴ ስድስተኛን ሲያብራራ የደንበኛ ሸሚዝ አቃጥሎ "ለትምህርት የተሠዋ ሸሚዝ አይቆጭም" አለ። ባለሸሚዙን ግን በጣም ቆጭቶት ነበር።

ከሁሉ የተማረሩት አጠገቡ የሚሰፉት፣ የቤቱ አንጋፋ እትዬ ነበሩ። "አንተ ለፍላፊ፣ ለምን እዚያው ቻይና ሄደህ አትቆጥርላቸውም?" ይሉታል።

አንድ ቀን የስፌት ቤቱ ባለቤት ሰፊዎቹን በፍጥነት አወዳድሮ መቀመጫ በደረጃ ሊያድል ተነሣ። ቀዳሚዎቹ መስኮት ሥር፣ የመጨረሻዋ ጓዳ። ዱሮም መስኮት ሥር የሚቀመጡት እትዬ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከመስኮቱ ብርሃን ከራቁ በመርፌ ቀዳዳ ክር አያስገቡም፤ ጓዳ መግባት ማለት ሥራውን መተው ነው። በውድድሩም የመጨረሻዋ እሳቸው ሆኑ።

ውጤቱን እንዲጠራ የታዘዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊቀ ሊቃውንት! ጉሮሮውን ጠራረገና "ዲ ዪ! ዲ አር!" እያለ ሁሉንም ጠራ፤ እትዬን ዘለላቸው።

"እትዬስ?" አለ ባለቤቱ።

"ጌታዬ፣ ቻይኖች ታላቅ እህታቸውን አይቆጥሩም። ሁለተኛዋን በሁለት፣ ሦስተኛዋን በሦስት ይጠራሉ፤ የመጀመሪያዋን ግን 'ዳ' ይሏታል፤ ትልቋ ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ሰው ደግሞ ከቦታው አይነሣም።"

"እሱም የቻይኖች ነው?"

"እሱ የእኔ ነው።"

ቤቱ በሳቅ አወካ። ባለቤቱም ሳቁን መያዝ አቅቶት "በሉ እትዬ፣ እዚያው ይቀመጡ" አለ።

በማግስቱ እትዬ መስኮቱ ሥር ክር እያስገቡ፣ ቀና ሳይሉ ተጣሩ።

"አንተ ለፍላፊ!"

"አቤት እትዬ?"

"እስኪ ከሦስተኛ ቀጥሎ ያለውን ንገረኝ።"

መልሱን በእንቅልፋቸውም ያውቁታል። ሊቀ ሊቃውንትን ግን በዕድሜው ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ፈጥኖ ወደ እሳቸው ዞረ፣ ካውያው የሚተኩሰው ሸሚዝ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።