ዳገቱ ይፍረድ

ከፍጡራን ሁሉ እንደ መካኒክ "አለቀ" ማለት የሚወድ የለም። ዘይቱ ገና እየተንጠባጠበ "አለቀ፣ ውሰደው" ይላል። በየሰፈሩ ግን ይህች ቃል ከአፉ የማትወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛን "ሊቀ ዳገት" እንላቸዋለን፤ ማዕረጉን የሰጣቸው በእጃቸው ያለፈ ባለመኪና ሁሉ ነው።

ሊቀ ዳገት አውቶማቲክ ካምቢዮ ፈትተው ከገጠሙ በኋላ "ተሠራ ወይ?" ብትሏቸው፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዳገቱ ይፍረድ!" ይላሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው መሪው ላይ ይሰየማሉ። ባለመኪናው ከጎናቸው ይቀመጣል፤ ከጋራዡ በላይ ያለውን ዳገት ይያያዙታል። ከዚያ ትእዛዙ ይመጣል፦ "እስኪ አውራ።"

ወሬ ወደው እንዳይመስላችሁ። ማርሽ ሲቀየር መኪናው ገጭ ካለ፣ የተናጋሪው ቃል መሃል ላይ ይቆረጣል። እሳቸው የሚያዳምጡት ያችን ቁርጥ ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ ሚስቱን እንዴት እንደጠየቃት ሲተርክ "እወድሻለሁ" ያለው "እወድ" ላይ ቀረ። ሊቀ ዳገት ሴትየዋ እሺ ትበል እንቢ ሳይጠይቁ፣ "ከሁለት ወደ ሦስት ነው" ብለው መኪናውን ወደ ጋራዥ መለሱት። አንዲት መምህርት ደግሞ ዳገቱን እየወጣች አማቷን ከዳር እስከ ዳር አማች። "አማትሽን አላውቃቸውም፤ ካምቢዮሽ ግን ጨዋ ሆኗል" አሏት።

የእኔ ተራ ባለፈው ሐሙስ ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት እናቴን ለልብ ቀዶ ሕክምና ማድረስ ነበረብኝ፤ ሆስፒታሉ ያለው ደግሞ እዚያው ዳገት አናት ላይ ነው።

"እስኪ አውራ" አሉኝ።

"ሐኪሙ ዕድሜዋ ገፍቷል አለ፤ ምናልባት ከገባች በኋላ…" ዳገቱ ወገብ ላይ ቃሌ ተቆረጠ።

ሊቀ ዳገት መኪናውን አዙረው ወደ ታች ወረዱ። "አሁን ዝም በል" ብለው እንደገና ወጡት። መኪናው ያለ አንዳች ኮሽታ አናቱ ላይ ደረሰ።

"ካምቢዮው ድኗል" አሉ፣ ዳሽቦርዱን እያዩ። "ገጭ ያልከው አንተ ነህ። ነገ እኔ እነዳለሁ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ለእኔ ብለው አይቸገሩ…"

"ማን ላንተ አለ? ሙከራው አላለቀም።"

ጠዋት እናቴ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ቦርሳዋን ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። ዳገቱ ሥር ስንደርስ "እስኪ ያውሩ፣ እትዬ" አሏት።

ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችኝና፣ "ይኸው ከኋላ የተቀመጠው፣ አንደኛ ክፍል ሳለ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ በሌላው እያነከሰ መጣላችሁ" ብላ ጀመረች። እኔን ስትረግም፣ ጫማ ሰሪውን ስትረግም፣ ስትስቅም ጭምር፣ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ አንዲት ቃል አልተቆረጠባትም። እኚህን ሰው እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሊቀ ዳገት ሞተሩን አጥፍተው በሩን ከፈቱላት። ከዚያ የሰውን ወሬ መጨረሻ ጠይቀው የማያውቁት ሰውዬ፣ "የጠፋውስ ጫማ ተገኘ?" አሏት።

"ስወጣ እነግርዎታለሁ" አለች እናቴ።

ቁልፉን አልሰጡኝም። መሪው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና እስክትወጣ ጠበቋት።